ማን ጎደለ

አቶ ካሤ ስለ ደግሰው ያን ሁሉ ሲናገሩ፣ ውሃውን እጃቸው ላይ የሚያፈስላቸው ራሱ ደግሰው ነበር። እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ መልስ ቁርስ ሊቀምሱ እህታቸው ቤት ገብተዋል። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መልሰው፣ እጃቸውን ሳፋው ላይ ዘርግተው፣ ጣቶቻቸውን እያሹ፣ ዓይናቸውን ከውሃው ሳያነሡ ነው የተናገሩት። የዚህ ዱዳ ጉሮሮ ሊታረድ እንደተያዘ በግ ነው የሚጮኸው፣ ከባሕር ዳር ድረስ የመጣ እንግዳ ፊት አቁሞ ሰው ማሳቅ ምን የሚሉት ነገር ነው አሉ። ደግሞስ የቤታችንን ገመና ለሰቆጣ ሕዝብ የምናሰጣው ምን ቀምሰን ነው አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ እንኳ አላደረጉም፤ ማንን ብለው ያደርጋሉ። ደግሰው አፋቸውን ሲያይ ቆይቶ፣ ጆጉን እንደያዘ ወደ እህቱ ወደ ጥሩሐረግ ዞረና አገጩን ቀና አደረገ፤ ምን አሉ ማለቱ ነው። ጥሩሐረግ ዳቦ የምትቆርስበትን ቢላዋ አስቀመጠችና በእጇ፣ እየመረቁህ ነው አለችው። ደግሰው ጆጉን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ ቀኝ መዳፉን ደረቱ ላይ ለጥፎ ጎንበስ አለ። አሜን ማለቱ ነበር። አቶ ካሤ እጃቸውን አራግፈው ፎጣ ጠየቁ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የተሰማው የበርበሬ ዋጋ ብቻ ነው። እናትየዋ፣ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ፣ የወንድማቸውን ንግግር እንዳልሰሙ ሁሉ የበርበሬን መወደድ አነሡ፤ ከበርበሬ ወደ ዘይት፣ ከዘይት ወደ ቀለም ሄዱ። የግድግዳው የታችኛው ግማሽ ሰማያዊ ተቀብቶ የላይኛው ድንጋይ እንደሆነ የቀረው ቀለሙ መሀል ላይ ዋጋው ስለጨመረ ነበር። በቀለሙና በድንጋዩ መካከል የደግሰውና የጥሩሐረግ ወንድም፣ የምሳው ፎቶ ተሰቅሏል። ፎቶ ቤቱ የመታወቂያ ፎቶውን አሳድጎ፣ ሙሉ ልብስ አልብሶ፣ ከጀርባው ምሳው ረግጦት የማያውቅ የመስታወት ፎቅ ያለበት ከተማ አቁሞለታል። አቶ ካሤና እህታቸው ወሬያቸውን ወደ ኽምጣኛ ለወጡት፤ ደግሰው አንዱንም ቋንቋ ስለማይሰማ ለእሱ ለውጥ የለውም። ቁርሱን በልቶ፣ ሸሚዙን ሊተኩስ ወደ ጓዳ ገባ። ለከሰዓቱ ቴአትር ነበር የሚዘጋጀው።

ቴአትሩን የጻፈውም የሚያዘጋጀውም የአቶ ካሤ ልጅ ወንዳወቅ ነው። አባቱ ጎን መደቡ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ስለ ስደት የሚያወራ ቴአትር ነው፤ ለረጅም ጊዜ እየጻፈ ሲሰርዘው የኖረ፣ ልምምድ ላይ ተዋንያኑ ራሳቸው የሚያዛጉበት። አንድ ቀን ደግሰው፣ ከሚሠራበት ብረታ ብረት ቤት ወጥቶ፣ እጁ ገና የብየዳ ጥቀርሻ እንዳለበት ልምምድ ሊያይ ገባ። የመርዶውን ትዕይንት አይቶ ሲያበቃ ጥሩሐረግን ጠርቶ፣ ንገሪልኝ አላት። ድምፁን አጥፋው፣ አለ ለወንዳወቅ በእህቱ አፍ። ሁሉም አፋቸውን ያንቀሳቅሱ፣ ደረታቸውን ይድቁ፣ ግን ምንም አይሰማ። የሚሰማው የእኔ ብቻ ይሁን፤ እኔ በእጄ ስናገር እህቴ ከጀርባዬ ቆማ በድምፅ ትናገር። ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ እኔ የምቀመጥበት ቦታ ላይ ይቀመጥ። ከዚያ መድረኩ ላይ ወጥቶ ሠርቶ አሳያቸው። ሲጨርስ ከተዋንያኑ አንዷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ወንዳወቅ ግን ደግሰውን አቅፎ ከመሬት አነሣው።

የሠራው የራሱን ቤት ነበር። የምሳው መርዶ የመጣ ዕለት ደግሰው ከእንቅልፉ የነቃው ግቢው በሰው ተሞልቶ ነው። እናቱ መሬት ላይ ናቸው፣ ሴቶቹ ደረታቸውን ይደቃሉ፣ አፍ ሁሉ ተከፍቷል። ማን እንደሞተ የነገረው የለም። እሱም ማን እንደጎደለ ለማወቅ በሰው መሀል እየተሹለከለከ የቤተሰቡን ፊት አንድ በአንድ ፈለገ፤ እናቱ አለች፣ እህቱ አለች፣ አጎቱ አለ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አለ። ማንም አልጎደለም። ምሳው ሳዑዲ ሊገባ መንገድ ላይ ስለሆነ ከሚቆጠሩት ውስጥ አልነበረም። ደግሰው እፎይ ብሎ፣ የሞተው የሩቅ ሰው ነው ብሎ፣ ለለቀስተኛው ውሃና ንፍሮ ሲያዞር ዋለ። አንዳንዱን ለማጽናናት ፈገግ እያለ። ጥሩሐረግ ልትነግረው ስትነሣ አቶ ካሤ ክንዷን ይዘው፣ ተይው ያስተናግድ፣ ከሰማ በዚያ ጉሮሮው ለቅሶውን ያበላሽብናል አሏት፤ ተቀመጠች። በሣልስቱ የምሳው ፎቶ ድንኳኑ ውስጥ ሲሰቀል ነው ደግሰው ያወቀው፤ ያን ጊዜም የንፍሮውን ሰሐን ይዞ ነበር።

አሁን ደግሞ ይህ ሁሉ መድረክ ላይ ሊወጣ ነው። አቶ ካሤ ነገሩን የሰሙት ባለፈው ሳምንት ሲሆን፣ አባትና ልጅ ቤታቸው ተጨቃጭቀው ሲያበቁ መታረቂያ አግኝተዋል። ወንዳወቅ ሻዩን አስቀምጦ ለጥሩሐረግ ዘረዘረላት። ትዕይንቱ ይቀራል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የባሕር ዳር እንግዶቹ የሚመጡት ለእሱ ነው፤ አካል ጉዳተኛን ያሳተፈ አዲስ አሠራር ብሎ ጽፎላቸዋል። የደግሰውን ቦታ ግን ከተዋንያኑ አንዱ፣ አንዷለም፣ ይጫወተዋል። አንዷለም መልከ መልካም ነው፣ ጉሮሮው አይጮህም፣ የእጅ እንቅስቃሴውንም አጥንቶታል። መጨረሻው ላይ ደግሞ አጎትየው መጥቶ፣ አቅፎት መርዶውን ይነግረዋል። ጥሩሐረግ ከመጋረጃው ጎን ሆና ጽሑፉን ታነባለች።

«ሐሳቡ እኮ የእሱ ነው» አለች ጥሩሐረግ።

«ሐሳቡን ማን ወሰደበት? ስሙን አመሰግናለሁ» አለ ወንዳወቅ። ቀጥሎም ለደግሰው ቴአትሩ ተራዝሟል ብላ እንድትነግረው አዘዛት። ካልነገረችው ለተማሪዎቿ በእጇ የምታደርገውን ትርጉም እንደሚያስቀር፣ የያዘላቸውንም የፊት ወንበር ለሌላ እንደሚሰጥ፣ ተቆጥቶ ሳይሆን እንደ ተራ ወሬ ነገራት። ጥሩሐረግ የልዩ ፍላጎት መምህርት ናት፤ መስማት የተሳናቸው ልጆች ታስተምራለች። ልጆቹ ቴአትር አይተው አያውቁም። ከአርብ ጀምሮ ሌላ ነገር አላወሩም፤ አንዷማ ከጋዝጊብላ አክስቷ ጋር በእግሯ ተጉዛ ትናንት ነው የገባችው። ጥሩሐረግ እናቷን አየቻቸው። እናቷ የፈሰሰውን ሻይ በጨርቅ ያብሱ ነበር፤ መደቡ ከደረቀ በኋላም ማበሱን አላቆሙም።

ደግሰው ሸሚዙን ለብሶ ሲወጣ ነገረችው። የመብራት ችግር ስላለ ለሚቀጥለው እሑድ ተራዝሟል አለችው። ፊቱ ላይ ንዴት ጠብቃ ነበር፤ እሱ ግን ትከሻውን ነቅንቆ፣ ይሻላል፣ መጨረሻውን ገና አልወደድኩትም አላት። ከዚያ አብረው ወጡ። እሷ ትምህርት ቤት ሥራ አለኝ ብላለች፤ እሱም እግረ መንገዱን ብረታ ብረት ቤቱ ገብቶ የጀመረውን መስኮት አያለሁ አለ። የሰቆጣ ፀሐይ ከአናት ላይ ነበረች፤ ነፋሱ የአስፋልቱን ዳር አቧራ እያነሣ የሱቆቹን የፕላስቲክ ጥላ ያጣጥፋል። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱ ሴቶች ነጭ በነጭ ሆነው በየደጁ ቆመዋል። አደባባዩ ጋ ሲደርሱ ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ የታሰረበት ባጃጅ ከፊታቸው መጣ። የወንዳወቅ ድምፅ ነው፤ ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በባህል አዳራሽ፣ እንዳያመልጣችሁ፣ መግቢያው በነፃ ነው ይላል። ጫማ የሚያስጠርገውም፣ ሎሚ የምትሸጠውም፣ ታክሲ የሚጠብቀውም አንገቱን አዞረ። ደግሰው የሰዉን አንገት አየ። ባጃጁንም አየ። ምንድነው አላት። የክትባት ማስታወቂያ ነው አለችው። ዓይኑ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከአፍ ይልቅ ፊት ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። ብረታ ብረት ቤቱ ጥግ ላይ እጁን አንሥቶ ተሰናበታት። እሷም መንገዱ እስኪታጠፍ በዝግታ ሄደች፤ ከታጠፈ በኋላ ግን እየሮጠች አዳራሹ ደረሰች።

አዳራሹ ሞልቷል። መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍነው ቤቱ ታፍኗል፤ የሰው ላብና የአዲስ ቀለም ሽታ አለ። የባሕር ዳር እንግዶች ከፊት መሀል ላይ የፕላስቲክ አበባ ከተቀመጠበት ጠረጴዛ ኋላ ናቸው። አቶ ካሤ አጠገባቸው፣ እናቷ ከአቶ ካሤ ጎን። ተማሪዎቿ በቀኝ በኩል ጥግ ተደርድረዋል። ወንዳወቅ ጥሩሐረግን ከመጋረጃው ጎን፣ ከምሰሶው ኋላ አቆማት። ልጆቹ እዚህ ሆኜ እጄን አያዩም አለችው። ብርሃኑ ለተዋንያን ነው አላት፤ ማይክሮፎን ሰጥቷት ሄደ። ቴአትሩ ሲጀመር በጨለማ ውስጥ እጆቿን እያነሣች ተረጎመች፤ ልጆቹ አንገታቸውን እያሰገጉ ሊያዩዋት ሞከሩ፣ ከዚያ ተዉት። ከጋዝጊብላ የመጣችው ልጅ የወንበሩን ዳር ይዛ መብራቱን ትመለከት ጀመር።

መርዶው ደረሰ። ተዋንያኑ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ፤ አፋቸው ተከፈተ፣ እጃቸው ደረታቸውን መታ፣ ድምፅ ግን የለም። አዳራሹ ውስጥ መጀመሪያ ጉርምርምታ ሆነ። ከኋላ አንዱ፣ ማይኩ ተበላሸ እንዴ አለ። ቀስ በቀስ ሰዉ ዝም አለ፤ የማይሰማውን ለመስማት ሁሉም ወደፊት ዘመመ። አንዷለም ከመኝታ ቤቱ በር ወጥቶ እጆቹን ማወናጨፍ ጀመረ። ጥሩሐረግ ከወረቀቱ አነበበች፤ ማነው የሞተው፣ ምነው አትነግሩኝም። ከተማሪዎቿ አንዱ ሳቀ፣ ሌሎቹም ተያዩ። የአንዷለም እጅ የሚለው ነገር የለም፤ ዝንብ የሚያባርር እንጂ የሚናገር ሰው አይመስልም ነበር። ጥሩሐረግ ልጆቹን ስታይ ነው ከእነሱ ኋላ፣ በጎኑ በር፣ ደግሰው ቆሞ ያየችው። የተተኮሰ ሸሚዙን እንደለበሰ ነው። መጀመሪያ አንዷለምን ተመለከተ፤ ከዚያ ምሰሶውን፣ ከምሰሶው ኋላ እሷን። ማይክሮፎኑ እጇ ላይ ነበር።

ደግሰው ደረጃውን አልሮጠበትም፤ ቤቱ እንደሚገባ ሰው ቀስ ብሎ ወጣ። ከመጋረጃው ኋላ ወንዳወቅ ጥርሱን ነክሶ፣ ውረድ በይው አላት። አላለችም። አንዷለም ደግሰውን ሲያይ እጁን አወረደና፣ ሌላ የሚያደርገው ቢያጣ፣ ከለቀስተኞቹ መሀል ሄዶ ተቀመጠ። ደግሰው ከአንዱ ተዋናይ ወደ ሌላው እየሄደ አገጫቸውን በጣቱ ቀና እያደረገ ፊታቸውን አየ። እነሱም ደንግጠው ይሁን ልምምዱ ይዟቸው፣ አፋቸውን በባዶ ማንቀሳቀሳቸውን ቀጠሉ። ያን ጊዜ ያ የሚፈሩት ድምፅ ከጉሮሮው ወጣ፤ ወፍራም፣ ቅርጽ የሌለው፣ በሩን የሚገፋ ዓይነት። ከኋላ ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። አብሯቸው የሳቀ ሌላ አልተገኘም።

ጥሩሐረግ ወረቀቱን መሬት ላይ ጥላ ወደ ብርሃኑ ወጣች፤ ከጀርባው ሳይሆን እጁን ከምታይበት ከጎኑ ቆመች። ደግሰው ወደ ሕዝቡ ዞሮ መናገር ጀመረ፣ እሷም በድምፅ መተርጎም። እናቴ አለች አለ። እህቴ አለች፣ አጎቴ አለ። ማንም አልጎደለም። ደስ አለኝ፤ ውሃ አዞርኩ፣ ንፍሮ አዞርኩ፣ ያለቀሰውን ፈገግ ብዬ አጽናናሁ። የሞተው ወንድሜ ነበር። የአዳራሹ ትንፋሽ ተሰማ። እናቷ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። እስከዚህ የልምምዱ ቃል ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ጥሩሐረግ አታውቀውም፤ እጁ ላይ እያየች ነው የምትናገረው።

ዛሬ ጠዋትም ውሃ አፈሰስኩ፣ አለች በእሱ ፈንታ። የአጎቴ አፍ ይንቀሳቀስ ነበር። ምን አሉ ብዬ ጠየቅሁ፣ መረቁህ ተባልኩ። ቴአትሩ ተራዘመ ተባልኩ። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ አንገቱን ሲያዞር፣ ክትባት ነው ተባልኩ። ከዚያ የደግሰው እጅ ወደ እሷ ዞረ፤ ጣቱ ደረቷን ሊነካ ትንሽ ቀረው። ጥሩሐረግ ቆመች። ወንዳወቅ በመጋረጃው ቀዳዳ አንገቱን እንደመቁረጥ በእጁ ያሳያታል። ልትለውጠው ትችል ነበር። እህቴ ደከመች ብትል፣ እህቴ አዘነች ብትል፣ ከጥጉ ልጆች በቀር የሚያውቅባት አልነበረም፤ እነሱን ደግሞ ማን ይጠይቃቸዋል። ስታለሳልስ ነው የኖረችው፤ ጎረቤት የሚለውን፣ መምህር የሚለውን፣ የሰፈር ልጅ የሚለውን፣ ሁሉንም አጥባና ጨምቃ ነው ስታቀብለው የኖረችው። ማይክሮፎኑን አፏ ድረስ አመጣች።

«እህቴ ውሸታም ናት» አለች። «የሰው ክፋት ይጎዳኛል ብላ ትደብቀኛለች። የማይጎዳኝ የቱ እንደሆነ ግን እኔን አስመርጣኝ አታውቅም።»

ከእንግዶቹ አንዱ አጨበጨበ። ቴአትር መስሎት ነው፤ ሌሎቹም ተከተሉት፣ ጭብጨባው አዳራሹን ዞረ። ደግሰው የሚያጨበጭቡትን እጆች አይቶ እስኪወርዱ ጠበቀ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቃት፤ ጥያቄውን ለሕዝቡ ተናገረች፤ ጠዋት አጎቴ ምን ነበር ያሉት። መልሱ ግን የሕዝቡ አልነበረም። ማይክሮፎኑን መሬት ላይ አኖረችና በሁለት እጇ ነገረችው፣ ሙሉውን፣ በጉን ሳታስቀር፣ ማረዱን ሳታስቀር፤ የለቅሶውንም ዕለት ክንዷን ይዘው ያሏትን። አዳራሹ እጇን ብቻ ያያል። በጥግ በኩል ከጋዝጊብላ የመጣችው ልጅ አፏን በመዳፏ ሸፈነች፤ ከዚያም ልጆቹ በሙሉ አንገታቸውን አዙረው አቶ ካሤን አዩዋቸው። አቶ ካሤ የልጆቹን ዓይን ሲያዩ ወንበራቸው ላይ ተነቃነቁ። ምንድነው የምትለው፣ አሉ ለእህታቸው። በኽምጣኛ ደገሙት። ወደ እንግዳው ዘንበል ብለውም ጠየቁት፤ እንግዳው ፈገግ ብሎ ትከሻውን ሰበቀ። ወንዳወቅ መጋረጃውን ዘጋው።

ውጭ ገና ፀሐይ ነበር። እንግዶቹ ከአዳራሹ ደጃፍ ወንዳወቅን ከበው ያመሰግኑታል፤ በተለይ እህቲቱ ራሷን የከሰሰችበት፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ሕዝቡን ያለ ትርጉም የተወችበት፣ ያ ትልቅ ሐሳብ ነው ይሉታል። ወንዳወቅም ብዙ የተደከመበት ነው አላቸው። እንግዶቹን ወደ መኪናቸው ከሸኘ በኋላ ወደ ጥሩሐረግ መጥቶ፣ ፊቱ እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ አባቴን አዋርደሽ አባቴ ፊት ልትቆሚ አትችይም አላት። ቀጥሎ፣ በዚያው ድምፅ፣ ባሕር ዳር ላይ እንዲታይ ይፈልጋሉ፣ እንደ ዛሬው አድርጋችሁ ትደግሙታላችሁ ብለሽ ንገሪው አላት። ጥሩሐረግ፣ እኔ ለማንም አልነግርልህም አለችው። አቶ ካሤ በአጠገባቸው ሲያልፉ ቆም አሉ። ከዛሬ ጀምሮ የሁለታችሁም እግር ደጄን እንዳይረግጥ አሉ፤ ይህንንም ቢሆን የተናገሩት ለእሷ ብቻ ነው። ምርኩዛቸውን ወደ ደግሰው አቅጣጫ እንኳ አላነሡም።

ደግሰው ከግቢው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን ሱሪው ኪስ ከትቷል። ተማሪዎቹ ከበውት ብዙ ነገር ጠየቁት፤ እጁን አላወጣም። ጥሩሐረግ ሄዳ ከፊቱ ቆመች፤ ይቅርታ የሚለውን ምልክት ሁለት ጊዜ ሠራችለት። አያት እንጂ እጁን አላወጣም። ሲቆጣም ሲያለቅስም አይታው ታውቃለች፤ እጁን ኪሱ ከትቶ ሲዘጋት ግን የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ በላይ ልትቆም አልቻለችም፤ ወደ በሩ ተመለሰች። ልጆቹም በየመንገዳቸው ተበተኑ።

እናቷ እዚያ ቆመው ነበር። ወንድማቸው ሲሄድ አልተከተሉም፤ ሁሉም ሲወጣ ነጠላቸውን አጥብቀው እንደያዙ ቀርተዋል። ዓይናቸው ቀልቷል። ጥሩሐረግን ክንዷን ይዘው ወደ ጥግ ሳቧት።

«ምን አልሽው ልጄ? እዚያ ላይ በእጅሽ ያልሽው ምንድነው?»

«እዚያው ተቀምጧል እማዬ። ጠይቂው።»

«እንዴት አድርጌ?»

ጥሩሐረግ የምትተረጉመውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ አፏ ላይ ይዛ ተወችው። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ጥቂት ጠበቁ፤ ከዚያ ክንዷን ለቀው፣ ግቢውን ብቻቸውን አቋርጠው፣ አጥሩ ጋ ደርሰው ልጃቸው ፊት ቆሙ። ብላ የሚለውን ምልክት ያውቃሉ፣ ና የሚለውን ያውቃሉ፣ ተኛና ውሃ አምጣ የሚለውንም ያውቃሉ። እጃቸውን ከነጠላው ውስጥ አወጡና ወደ ደረታቸው ከፍ አደረጉት፤ እዚያ ሲደርስ የሚሄድበት ጠፋው። ሁለቱ መዳፎች አየር ላይ ቀሩ፤ ጣቶቹ ተከፈቱ፣ ተጨበጡ፣ እንደገና ተከፈቱ። ዞር ብለው ጥሩሐረግን አዩዋት። ጥሩሐረግ ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች።

ደግሰው እጁን ከኪሱ አወጣና ጉልበቱ ላይ አኖረው። የእናቱን እጅ እያየ ጠበቀ።